ማሽኑ ሳንቲሜን በላብኝ

ማሽን ይበላል። ይሄን ያልኩት እኔ ሳልሆን አማርኛ ነው። ኤቲኤም ካርድ ይበላል፣ መኪና ነዳጅ ይበላል፣ ስልክ ዳታ ይበላል። ግን “በላ” እና “በላብኝ” አንድ አይደሉም። “ብኝ” የምትባለዋ ትንሽ ቅጥያ ስትጨመር ነገሩ ከቴክኒክ ጉዳይነት ወጥቶ በደል ይሆናል።

እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከዚችው “ብኝ” ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ያሉ ቬንዲንግ ማሽኖችን እጠግናለሁ፤ ቺፕስ፣ ሶዳ፣ ጁስ የሚሸጡትን። ስልኬ ሲጮኽ የሚመጣው አቤቱታ ዘዬው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ ገንዘቤን በላብኝ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሽኑ አልበላም። ወይ ጠርጥሮ መልሷል፣ ወይ ጉሮሮው ላይ ቀርቶበታል፣ ወይ ደግሞ የሚመልሰው ዝርዝር ስለሌለው መቀበል ፈርቷል። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ዕቃ መቀየር የጀመረ ሰው ሲቀይር ይኖራል።

ከጥርጣሬው ልጀምር።

ሳንቲም የምትከቱበት ቀዳዳ ጀርባ ክንድ የማይሞላ ቀጭን ጥቁር ሳጥን አለ። በሥራችን ቋንቋ ኮይን ሜክ ይባላል፤ ባጭሩ ሜክ። ሁለት ሥራ አለው፦ የገባውን መመርመርና መልስ መስጠት። ሳንቲሙ ሲገባ ትንሽ ተዳፋት ላይ ያርፍና እንደ ጎማ በጠርዙ ቆሞ ይንከባለላል። በመንገዱ ዳር ሽቦ የተጠቀለለባቸው ትንንሽ ኮይሎች አሉ። ኮይሎቹ በሚፈጥሩት መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ብረት ሲያልፍ መስኩ ይረበሻል፤ ረብሻው ደግሞ እንደ ብረቱ ዓይነት፣ እንደ ውፍረቱና እንደ ስፋቱ ይለያያል። ሜኩ ያንን ለክቶ አስቀድሞ ከተሰጠው ልክ ጋር ያስተያያል። ከገጠመ በር ይከፍታል። ካልገጠመ በሩ እንደተዘጋ ይቀርና ሳንቲሙ ቋ ብሎ መመለሻው ላይ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ልብ በሉ፤ ምስሉን አያይም። ኳርተሩ ላይ የጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ይኑር አይኑር ግድ የለውም። ቁጥሩንም አያነብም። የሚያውቀው 24.26 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ መዳብና ኒክል የሆነ ነገር በፊቱ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሰማው ነው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ለሚለው ተረት ሐውልት ይቁም ቢባል እኔ ኮይን ሜክ ነው የማቆመው።

የመጀመሪያው ሳንቲም ተቀባይ መሣሪያ እንዲህ አልነበረም። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በግብጿ እስክንድርያ የኖረው ሄሮን የሚባል መሐንዲስ ለቤተ መቅደስ የሚሆን ውሃ ማደያ ንድፍ ጽፎ ትቶልናል። ሳንቲሙ ከላይ ሲገባ የሚዛን ክንድ ጫፍ ላይ ያለች ሳህን ላይ ይወድቃል፤ ክንዱ ያዘነብላል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ክዳን ይነሳና ውሃ ይፈሳል። ሳንቲሙ ሲንሸራተት ክንዱ ተመልሶ ክዳኑ ይዘጋል። ድንቅ ነው። ግን ተመልከቱት፤ የሚያምነው ክብደትን ብቻ ነው። ክብደቱ ይብቃ እንጂ የብረት ቁራጭም ብትከቱለት ውሃውን ይሰጣችኋል። እስክንድርያ የጀመረችውን እኔ በሌላኛዋ አሌክሳንድሪያ እጨርሳለሁ እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። በመሃል የተጨመረው ነገር ጥርጣሬ ነው።

ጥርጣሬው ለእኛም እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን የሚገበያዩበት ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ሳንቲም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የተሠራውም ሁሉ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ስላለው ቀኑ ምንም አይነግርም። ስለዚህ ገበያተኛው ሌላ ምልክት ያያል፦ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ የጌጡ ዙሪያ ነጥቦች፣ የዘውዷ ዕንቁዎች። ነጥቦቹ ካልታዩ፣ ምስሉ ካለቀ፣ “አልቀበልም” ይላል። ብሩ ብር ሆኖ ሳለ ይመለሳል። ኮይን ሜክ ሥራው ይሄው ነው፤ ልዩነቱ ገበያተኛው ያይ የነበረውን ምስል አለማየቱ ብቻ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የማሽኖቹ ጥርጣሬ የአገሪቱን ሳንቲም እስከ መወሰን ደርሷል። በ1965 ብር ሲወደድ መንግሥት ከዳይምና ከኳርተር ውስጥ ብሩን አወጣ። ታዲያ ምን ይተካ ሲባል አንዱ ትልቅ ጥያቄ “ማሽኖቹ ይቀበሉታል ወይ?” የሚል ነበር። መዳቡን በመዳብና ኒክል ቅይጥ የሸፈኑት ማሽኖቹ አሮጌውንም አዲሱንም ሳይለዩ እንዲቀበሉ ነው። በ2000 ወርቃማ ቀለም ያላት የአንድ ዶላር ሳንቲም ስትወጣም እንደዚያው፤ ለሰው ዓይን ከ1979ኟ የዶላር ሳንቲም ጋር ፍጹም አትመሳሰልም፣ ለማሽን ግን አንድ እንድትሆን ተደርጋ ነው የተቀመመችው። ሰው ሊያምናት ወራት ይፈጅበት ይሆናል። ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን አመናት።

ጥርጣሬው ይሄን ያህል ይብቃን። ሁለተኛው ሥራ፣ መልስ መስጠቱ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

ሜኩ ሆዱ ውስጥ ቱቦዎች አሉት፤ ለኒክል፣ ለዳይም፣ ለኳርተር። የተቀበለው ሳንቲም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቱቦው ነው፤ ቱቦው ከሞላ ብቻ ነው ወደ ታችኛው ሣጥን የሚወርደው። መልስ ሲያስፈልግ ከቱቦው ሥር አንድ አንድ እየገፋ ያወጣል። ማለትም እናንተ የምታገኙት ዝርዝር ከእናንተ በፊት የመጣው ሰው የከፈለው ነው። ልክ እንደ ሰፈር ሱቅ፤ ባለሱቁ ጠዋት ዝርዝር ካላገኘ መቶ ብር ይዛችሁ ብትመጡ “ዝርዝር የለኝም” ይላችኋል። ማሽኑም እንደዚያው ይላል፦ ልክ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ወይ መብራት ያሳያል፣ የወረቀት ገንዘብም አልቀበልም ይላል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥገና መንገድ የሚስተው። የሜኩ፣ የወረቀት ገንዘብ መቀበያውና የካርድ ማንበቢያው በአንድ የሽቦ መስመር ከዋናው ቦርድ ጋር ያወራሉ። ቦርዱ በየቅጽበቱ እየዞረ “አለህ? ምን አዲስ ነገር አለ?” ይላቸዋል። ሜኩ “ቱቦዬ ባዶ ነው” ካለ ቦርዱ የወረቀት መቀበያውን “አትቀበል” ብሎ ያዘዋል። ደንበኛው የሚያየው ዶላሩ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ደውሎ “ዶላር መቀበያው ተበላሽቷል” ይላል። የሄደውም ሰው ደህናውን መቀበያ ፈትቶ ደህና መቀበያ ይገጥማል። ማሽኑ አሁንም አይቀበልም።

አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያለች ማሽን ታሪኳ ይኸው ነበር። መዝገቡ ላይ የወረቀት መቀበያው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ገንዘብ መልሱልኝ የሚሉ ጥሪዎች ተከማችተዋል። አለቃዬ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል፤ “እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ እየው። ካልሆነ ሜኩንም መቀበያውንም አውጥተን በካርድ ብቻ እናደርጋታለን” አለኝ። ከእሱ አንፃር አልተሳሳተም። ካርድ ማንበቢያ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ አይጨናነቅም፤ የሚሰረቅ ሣጥን የለውም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ማለት ነው። የማሽኑን በር ስከፍት እናቴን የሚያህሉ ሴት የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ከጀርባዬ ቆሙ። ገና ስሜን ደረቴ ላይ እንዳነበቡ በአማርኛ ጀመሩ።

“አንተ ነህ የምትሠራት?”

“አዎ እትዬ።”

“እንግዲያው ንገራት፤ የኔን ሳንቲም ለይታ ነው የምትጠላው። የፊሊፒኗ ልጅ ስትከት ትቀበላለች፣ እኔ ስከት ትመልሳለች። ሁለቴ ደግሞ በልታብኛለች።”

“ካርድ አይጠቀሙም?” አልኳቸው።

“ካርድ ይዤ ሥራ አልገባም። የልብስ ሣጥኔን ሁለት ጊዜ ሰብረውብኛል። ደግሞ በካርድ 1.85 ነው፣ በሳንቲም 1.75። አየሃት?” ወደ ዋጋው ጠቆሙኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ማሽኖች ላይ በካርድ ሲከፈል ትንሽ ሳንቲም ይጨመራል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ስኳር አለብኝ ልጄ። መርፌ ነው የምወስደው። አንዳንዴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርድብኛል። ያን ጊዜ የብርቱካን ጁሱን ነው የምፈልገው። አሁንስ ከረሜላ በኪሴ መያዝ ጀምሬአለሁ፤ ግን ኪሴን ረስቼ ብመጣስ?” አሉ።

መዝገቡ ላይ “የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ፣ 1.75” ተብሎ የተጻፈው ይሄ ነበር።

ኮይን ሜክ ሲመረመር የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ነካው?” አይደለም፤ “ማንን ነው የሚመልሰው?” ነው። ሁሉንም ሳንቲም የሚመልስ ከሆነ ሳንቲሙ ጋ ችግር የለም። ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ከቦርዱ ጋር መነጋገር አቁሟል፣ ወይ የመመለሻው ማንሻ ተጭኖ ቀርቷል። ያኔ ሽቦና ማንሻ ታያላችሁ። አንድ ዓይነት ሳንቲም ብቻ የሚመልስ ከሆነ ኤሌክትሪኩም ንግግሩም ደህና ነው፤ ያቺ ሳንቲም ብቻዋን የምትነካው ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ። አንዳንዴ ተቀብሎ አንዳንዴ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ ወይ ሳንቲሙ አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ አይወርድም ማለት ነው። ሌላው ሕግ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ፈትሽ። ሦስት ነገር ባንዴ ከነካካችሁ ቢሠራም የቱ እንደሠራ አታውቁም።

ቱቦዎቹን አየሁ። የኳርተሩ ባዶ። ዳይሙና ኒክሉ ሥራቸው ላይ ጥቂት። የወረቀት መቀበያው ለምን እንደሚያኮርፍ ያኔውኑ ገባኝ። የቀረው ቱቦው ለምን እንደማይሞላ ማወቅ ነው።

የመፈተሻ ሳንቲሞቼን አወጣሁ። ሃያ ዳይም፣ ሃያውም ገባ። ሃያ ኒክል፣ ሃያውም ገባ። ሃያ ኳርተር፦ ስምንቱ ገቡ፣ አሥሩ ተመለሱ፣ ሁለቱ የትም የሉም። አልገቡም፣ አልተመለሱም። “ያውልህ፣ በላች!” አሉ እትዬ ከኋላዬ፣ የተፈረደላቸው ሰው ድምፅ ነበር።

ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩ። ይሄ ለወግ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ እያለ የሜክ ገመድ መንቀልና መሰካት ቦርድ ያቃጥላል። ሜኩን ከማንጠልጠያው አወጣሁና የፊቱን መዝጊያ ከፈትኩ። ሁለቱ ኳርተሮች ተዳፋቱ ላይ ቆመዋል፤ እንደተለጠፈ ቴምብር። ሦስተኛ ሳንቲም ሲመጣ አንዱን ገፍቶ ያወርደዋል፤ ያም የሚወርደው ከሌላው ጋር ተደርቦ ስለሆነ አይታወቅም፣ ይመለሳል። ማለትም የአንዱ ሰው ገንዘብ “ተበልቶ” ለሚቀጥለው ሰው መመለሻ ላይ ይወጣል። እትዬ የፊሊፒኗ ልጅ ዕድለኛ ናት ያሉት ለካ ባዶ ወሬ አልነበረም።

በባትሪ ሳየው ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አለ። የደረቀ ሶዳ። አንድ ሰው በቀዳዳው በኩል አፍስሷል፤ በድንገት ይሁን በንዴት አላውቅም። መስመሩ ያለው ከተዳፋቱ ከፍ ብሎ ነው። እንቆቅልሹ የተፈታው እዚህ ላይ ነበር፦ ዳይም 17.91 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኒክል 21.21፤ ሁለቱም ከመስመሩ ሥር ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ኳርተር ግን ረጅም ነው፤ አናቱ ይነካዋል። ይነካና ይዘገያል። የዘገየ ሳንቲም ደግሞ በኮይሎቹ መሃል ሲያልፍ ራሱን አይመስልም። ሜኩም ኳርተሩን አላወቀውም። እውነተኛ ሆኖ ሳለ ስለዘገየ ብቻ ሐሰተኛ ተባለ።

በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት። ዘይት የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ እንዳታደርጉት። ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ከሶዳው የባሰ ሙጫ ይሆናል። አደረቅሁት፣ መለስኩት፣ ሰካሁት። ሃያ ኳርተር፦ አሥራ ሰባት ገቡ፣ ሦስት ተመለሱ።

አሥራ ሰባት ጥሩ ቁጥር ይመስላል። ግን ሰባት ኳርተር ለሚያስፈልገው ጁስ ከሃያ ሦስት መመለስ ማለት በየግዢው ማለት ይቻላል አንድ ኳርተር ይመለሳል ማለት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ።

ያኔ በሩ ትዝ አለኝ። ስከፍተው ታችኛው ጫፉ ወለሉን ቧጭሮ ነበር፤ ስለቀው ደግሞ ብቻውን እየተወዘወዘ ሄደ። ደህና የቆመ ማሽን በሩ በተዉት ቦታ ይቆማል። ውሃ ልክ አውጥቼ አናቷ ላይ አስቀመጥኩ። አረፋዋ ከመሃል ወጥታ አንድ ጥግ ተለጥፋለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ቀኝ እግሯ የለም። ወለሉ በሰም ሲወለወል ማሽኗን ገፍተዋት እግሩ ወልቆ ይሆናል፤ ማንም አላስተዋለም። ማሽን ሲያዘነብል ተዳፋቱም አብሮ ያዘነብላል። ሳንቲሙ ወደ አንድ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚወርድ አሁንም ይዘገያል። የሶዳውም መስመር ያን ያህል የጎዳት ስላዘነበለች ነው። ሁለት በሽታ ነበረባት፤ አንዱ ሌላውን አባብሶት።

ከመኪናዬ እግር አመጣሁ፤ ብሎኑን እያዞርኩ አረፋዋን መሃል አስገባኋት። ሃያ ኳርተር፣ ሃያውም ገባ። እንደገና ሃያ። ቱቦው ሲሞላ የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ጠፋ። አንድ ዶላር ወረቀት ከተትኩ፤ እርር ብሎ ዋጠው። ሁለት ጊዜ የተቀየረው መቀበያ መጀመሪያውኑ ምንም አልነበረውም።

“አለቀ እትዬ” አልኩ።

“ያንተ ሳንቲም እኮ ንጹሕ ነው” አሉኝ። “ያንተን መቀበሏ ምን ይገርማል? የኔን ሞክር።”

ልክ ናቸው። ጠጋኝ ሁልጊዜ የሚፈትሸው በራሱ ሳንቲም ነው። ከኪሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ ዝርዝር አወጡ፤ ከልብስ ማጠቢያ የተረፈ ነው አሉ። ራሳቸው እንዲከቱ ቦታ ለቀቅኩላቸው። አሥራ ሁለት ኳርተር ነበር። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ በየመሃሉ እያዳመጡ ከተቱ። አሥራ አንዱ ገባ። አሥራ ሁለተኛው ቋ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ከተቱት፣ ተመለሰ።

“አላልኩህም?”

ከመመለሻው አውጥቼ በብርሃን አየሁት። ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበረች። የካናዳ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ቀለሙ ያው፣ መጠኑ ለጥቂት ያንሳል፣ ውስጡ ግን ብረት ነው፣ ክብደቱም ይቀላል። በእጅ ሲያዝ አይለይም። ሜኩ ግን ምስሏን ሳያይ አውቋታል። ከስንት ወር ጀምሮ ያቺ ሳንቲም ከቋጠሮው ሳትወጣ ከሌሎቹ ጋር ስትከተትና ስትመለስ ኖራለች፤ ከተበላሸው ሜክ ጋር ተደምራ “ለይታ ጠላችኝ” አሰኝታለች። አንዱ ክስ እውነት ነበር፤ በሌላው ግን ማሽኗ ትክክል ነበረች።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና ሳቁ። “ይቺ ደግሞ ከየት መጣችብኝ” አሉ። ከዚያ የብርቱካን ጁሱን ቁጥር ተጫኑ። ወደቀ። የተረፋቸውን አንድ ዶላር በአራት ኳርተር መለሰችላቸው።

ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት አጭር ነው፦ ሜኩ ታጥቧል፣ ማሽኗ ተስተካክላለች፣ የወረቀት መቀበያው ደህና ነው፣ ሜኩ ይቆይ። ከሥሩ ግን ቅጹ የማይጠይቀውን አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ይቺን ማሽን ሌሊት ካርድ ሳይዙ የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙባታል አልኩ። አለቃዬ በማግሥቱ “ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን” አለኝ። ለዘላለም አይደለም። አንድ ቀን ያ ሜክ መነሳቱ አይቀርም፤ ሌሎች ቦታዎች ላይ ስንት በገዛ እጄ አንስቻለሁ። ሲነሳ ቀዳዳው በብረት ሳህን ይሸፈናል፤ ሳንቲም የያዘ ሰው ፊቱ ቆሞ የት እንደሚከት ይፈልጋል። ማሽኗ ያኔ የማንንም ሳንቲም አትበላም። ቅሬታም አይመጣም። ሪፖርት ላይ ጤነኛ ትመስላለች።

የካናዳዋን ሳንቲም እትዬ ለኔ ሰጡኝ፤ “ያዛት፣ አንተ ትጠቅምሃለች” ብለው። እውነትም ጠቅማኛለች። የመሣሪያ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ናት። ሜክ ጠግኜ ስጨርስ፣ ሃያዎቹ ኳርተሮች ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ እሷን እከታታለሁ። ያመነውን ሁሉ የሚቀበል ሜክም ብልሽት አለበት። ቋ ብላ ስትመለስ በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ።